ከፍ የተደረገ መኪና መሪ ሲዋልል፦ የትኛው ማስተካከያ ለየትኛው መኪና?

ሃርድቶፕ ላንድክሩዘሬን 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ካስደረግኩ በኋላ መጀመሪያ የወጣሁት በፍጥነት መንገዱ ነው። የአዳማን ክፍያ ጣቢያ አልፌ 90 ስደርስ መሪው ባዶ ሆነብኝ። መኪናው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይጎትትም። ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። ትንሽ ስነካው ይሸሻል፤ ስለቀው ደግሞ ወደ መሃል አይመለስም። የከተማችንን ንፋስ ታውቁታላችሁ። እዚሁ ዳር 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ ሁለት የንፋስ ኃይል ጣቢያዎች የተተከሉት በከንቱ አይደለም። ያ ንፋስ ከጎን በመታኝ ቁጥር መስመሬን የምይዘው በሁለት እጄ ታግዬ ነበር።

ወደ ሠራልኝ ጋራዥ ተመለስኩ። አላይመንት (የጎማ ማዕዘን ማስተካከያ) አስገቡት፤ "አሁን ቀጥ ብሏል" አሉኝ። ወረቀት አልሰጡኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። በማግስቱ ያው ነው። ለካ ያስተካከሉት ቶ ብቻ ነበር። የጎደለው ካስተር ነው። ይህን እስካውቅ ሁለት ወር ሄደብኝ። እናንተ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሦስቱን ማዕዘኖች እንለይ

ቶ ማለት ከላይ ሆናችሁ ብታዩ ሁለቱ የፊት ጎማዎች አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዞራቸው ነው። ካምበር ማለት ከፊት ሆናችሁ ስታዩ ጎማው ወደ ጎን ማዘንበሉ ነው። እነዚህ ሁለቱ ከልክ ሲወጡ ጎማ ይበላል። በዓይን ይታያሉ።

ካስተር ግን በዓይን አይታይም። ብስክሌት አስቡ። የፊት ሹካው ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ ላዩ ወደ ኋላ ጋደል ብሏል። እጃችሁን ለቃችሁ መንዳት እንድትችሉ ከሚረዳችሁ አንዱ ያ ማዘንበል ነው። መኪናም እንዲሁ ነው። ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ላዩ ወደ ኋላ ሲያዘነብል መሪው ራሱ ወደ መሃል ይመለሳል። ማዘንበሉ ሲቀንስ መሪው ይቀላል፣ ይዋልላል፣ ንፋስ ይጫወትበታል። መኪና ከፍ ሲደረግ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ይኸው ካስተር ነው።

ስለዚህ "አላይመንት ሠራሁልህ" ስትባሉ ጠይቁ፦ የቱን? በከተማ መኪና ልምዱ ቶ አስተካክሎ መሸኘት ነው። ላልተነካ መኪና ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከፍ ለተደረገ መኪና ግን አይበቃም።

ከምርጫ በፊት ከመኪናው ሥር ግቡ

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ የሚወሰነው በመኪናው የፊት አሠራር ነው። ግራና ቀኝ ጎማውን አንድ ወፍራም ድፍን አክስል ካያያዘው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ጎማ በራሱ አርም (የብረት ክንድ) ላይ ለብቻው የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ነው። ሃርድቶፕ፣ 80 ላንድክሩዘር፣ የቆየው ፓትሮልና ጂምኒ ድፍን አክስል ናቸው። ቪጎ፣ ፕራዶ፣ ፎርቹነርና ፓጄሮ በአርም ናቸው። ለአንዱ የሚሠራው ዘዴ ለሌላው አይሆንም። "ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ዳነለት" የሚለው ምክር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ቁመቱን ለኩ። ከጎማው መሃል በላዩ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ፣ በሜትር፣ በአራቱም ጎማ። "ሁለት ኢንች ኪት ነው" (50 ሚሊ ሜትር ያህል) ተብሎ የተገጠመ አንዳንዴ 70 ሚሊ ሜትር ያነሳል፤ በተለይ ለከባድ ጭነት የታሰበ ጠንካራ ሞላ ባዶ መኪና ላይ ሲገባ። ከፊቱ ይልቅ ኋላውን አብልጦ ማንሳትም ካስተርን ይቀንሳል። ለጭነት ብለው ኋላውን ብቻ ያስነሱ ሰዎች "መሪዬ ቀለለብኝ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ድፍን አክስል ከሞላ ጋር

ይህን ክፍል አስረዝመዋለሁ፤ የራሴ መኪና ስለሆነ፣ ምርጫውም ብዙ ስለሆነ።

በእነዚህ መኪናዎች ከአክስሉ ተነስቶ ወደ ኋላ ሄዶ ሻንሲው ላይ የሚታሰር ረጅም አርም አለ፤ ግራና ቀኝ። ሻንሲው ከፍ ሲል የአርሙ የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሳል። አክስሉ ከአርሙ ጋር ስለታሰረ ወደ ፊት ይዞራል። ካስተሩ የሚጠፋው በዚህ ነው። 80 ላንድክሩዘርን ብንወስድ ከፋብሪካ ካስተሩ ወደ 3 ዲግሪ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ማንሳት ከዚያ ላይ 2 ዲግሪ ያህል ይበላል። የቀረውን ይዛችሁ 90 ስትነዱ ምን እንደሚሰማ ነግሬያችኋለሁ። ካምበር ግን አይነካም፤ አክስሉ ድፍን ነውና። ቶም ብዙ አይለወጥም። ማሽኑ ላይ አውጥቶ ቶ ማዞር ለእነዚህ መኪናዎች ችግሩን የማይፈታው ለዚህ ነው። ካስተር የሚዞርበት ብሎንም የላቸውም፤ ዕቃ መቀየር ግድ ነው።

የመጀመሪያው ምርጫ ቀዳዳው ከመሃል ፈቀቅ ያለ ጎሚኒ ነው። አርሙ አክስሉን የሚይዝበት ቦታ ያሉት ላስቲኮች ይወጡና በእነዚህ ይተካሉ። ቀዳዳው ፈቀቅ ስላለ አክስሉ ወደ ቀድሞ ቦታው ይዞራል። ብዙውን ጊዜ 2 ዲግሪ አካባቢ ይመልሳል። ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው፤ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ላነሳ ሰው በቂ ነው።

በላስቲክና በፖሊዩረቴን መካከል ስትመርጡ ላስቲኩን ውሰዱ። ፖሊው ዕድሜው ረጅም ነው ይባላል፤ ግን ደረቅ ነው። ይህ አርም የሚሠራው ላስቲኩ ሲታሽና ሲጠማዘዝ ነው። ደረቁ ጎሚኒ ያንን ይከለክላል። አንድ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አክስሉ እንደልቡ አይጣመምም፤ ኃይሉ ወደ መያዣው ብረት ይሄዳል። የአርሲን ኮረኮንች ለሚመላለስ መኪና እኔ አልመክረውም።

ገጠማው ላይ አንድ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ጎሚኒዎቹን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ፤ በፕሬስ ካልሆነ አይገቡም። ወጣቱ ሠራተኛ አሮጌውን ገፍቶ አውጥቶ አዲሱን ሊጭን ፕሬሱን አወረደ። ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ሻይ የሚጠጡት ሽማግሌ ባለሙያ "ቆይ ልጄ" አሉት። ተነስተው መጡ። ጎሚኒውን ከእጁ ወስደው በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱ። ጥቁሩ ላስቲክ ላይ እንደ ጭረት የሚታይ ትንሽ ምልክት አለ። "ይሄ ምልክት ወዴት ነው የሚያየው?" አሉት። ልጁ ዝም አለ። ወደ እኔ ዞረው "ወረቀቱን አምጣው እስቲ" አሉኝ። ከካርቶኑ ውስጥ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ሥዕሉን ከአርሙ ጋር አስተያዩና ጎሚኒውን ግማሽ ዙር አዞሩት። በነጭ ቀለም አርሙ ላይ መስመር አሰመሩ። "ጋሼ፣ ተገልብጦ ቢገባስ?" አልኳቸው። "ያለችህንም ትወስድብሃለች" አሉኝ። እውነት ነው። ተገልብጦ የገባ ጎሚኒ ካስተሩን ይብሱኑ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ፕሬሱ ከመውረዱ በፊት ምልክቱን ራሳችሁ እዩ።

ሌላም አለ። ብሎኖቹ የመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው መሬት ቆሞ ነው እንጂ ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ አይደለም። ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ ሲወርድ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ቶሎ ይቀደዳል።

ሁለተኛው ምርጫ አርሙ ሻንሲው ላይ የሚታሰርበትን ቦታ ዝቅ የሚያደርግ የብረት ሳጥን ነው። ድሮፕ ቦክስ ይሉታል። አርሙ ወደ ቀድሞው አንግሉ ስለሚመለስ አነዳዱም ይለሰልሳል። 75 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ላነሳ ሰው ከጎሚኒ የተሻለ ነው። ጉዳቱ ሳጥኑ ወደ ታች መውጣቱ ነው፤ ድንጋይ ይነካዋል። ብሎኖቹንም በየጊዜው ማየት ግድ ነው።

ሦስተኛው ከፋብሪካ ታጥፎ የተሠራ አዲስ አርም ነው። ጎሚኒው እንደ ድሮው መደበኛ ይሆናል፣ ካስተሩ ይመለሳል፣ ወደ ታች የሚወጣ ነገር የለም። ከሁሉም ንጹሑ ሥራ ይህ ነው። ከሁሉም ውዱም ይህ ነው፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። ለአክስሉ መያዣ የሚገጠም የካስተር ፕሌትም አለ። ቀዳዳ በትክክል መብሳትና አንዳንዱም ብየዳ ይፈልጋል። የሚሠራውን ሰው በደንብ ካላወቃችሁ ተዉት።

የእኔ ምርጫ? ጎሚኒ። ከፍታዬን ከ50 ሳላሳልፍ። ሳምንቱን በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ የምመላለስ፣ አልፎ አልፎ ወደ ባሌ የምወጣ ሰው ነኝ። ከዚያ በላይ ከፍታ ለእኔ ዓይነት አነዳድ ችግር መግዛት ነው የሚሆነው።

ስለ ፓናርድም አንድ ቃል። አክስሉን ከጎን ወደ ጎን እንዳይንሸራተት የሚይዘው አግድም ዘንግ ነው። መኪናው ሲነሳ አክስሉን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ አንድ ጎን ይጎትተዋል። እስከ 50 ድረስ ብዙዎች ይተዉታል፤ እኔም ትቼዋለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ርዝመቱ የሚስተካከል ፓናርድ አለ። መደበኛውን ቆርጦ በብየዳ ማስረዘም ግን በፍጹም አይሆንም። መሪን የሚይዝ ብረት አይቆረጥም፣ በእሳት አይታጠፍም። በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ከፊት ባሌስትራ ያላቸው

የቆዩ ሃርድቶፖችና አሮጌ ሃይሉክሶች ናቸው። እዚህ ነገሩ ቀላል ነው። በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ሽብልቅ ይገባል፤ 2 ወይም 4 ዲግሪ። አልሙኒየም የሆነውን አትግዙ፤ ይሰነጠቃል። ብረቱን ውሰዱ። የመሃል ብሎኑ ሽብልቁን ጨምሮ የሚበቃ ርዝመት ይኑረው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የያዙትን ዩ ቦልቶች ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግማችሁ አስጠብቁ። ረጅም ሻክል (የባሌስትራውን ጫፍ ከሻንሲው የሚያንጠለጥለው ብረት) በመግጠም ብቻ ከፍ ማድረግን ግን አልወደውም። አዲስ ቅስት ያለው ባሌስትራ ይሻላል።

ቪጎ፣ ፕራዶና መሰሎቻቸው

እዚህ ሦስቱም ማዕዘኖች አብረው ይለወጣሉ። መልካሙ ዜና ማስተካከያ አላቸው። የታችኛው አርም ወደ ሻንሲው በሚገባበት ቦታ ከመሃል ፈቀቅ ያለ ክብ ካም ያላቸው ብሎኖች አሉ፤ በየጎኑ ሁለት። ባለማሽኑ እነዚህን እያዞረ ካስተርና ካምበር ያመጣል። ቶ መጨረሻ ላይ ጎማውን ከመሪው ጋር በሚያያይዘው ዘንግ፣ በታይሮድ ይመጣል።

እስከ 40 ሚሊ ሜትር ካነሳችሁ ብዙ ጊዜ እነዚህ ካሞች ብቻ ይበቃሉ። ሌላ ዕቃ አትግዙ። አስቸጋሪው ካሙ መድረቁ ነው። ብሎኑ ከጎሚኒው ውስጥ ካለው ቱቦ ጋር በዝገት ይጣበቃል። አቧራና ጭቃ ለዓመታት የጠጣ ቪጎ ላይ ይህ የተለመደ ነው። ወደ አላይመንት ከመሄዳችሁ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ዘይት አስረጩት። አንዳንዱ ሠራተኛ ካሙ እምቢ ሲለው ዝም ብሎ ቶ አስተካክሎ ይሸኛችኋል። ካሙ መዞሩን ጠይቁ። ከመሠራቱ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ከተሠራ በኋላም አንሱት፤ የካሙ ምልክት ቦታ ካልቀየረ የተሠራ ነገር የለም።

ከ50 በላይ ሲሆን ካሙ መጨረሻው ላይ ይደርሳል። ካስተሩን ሲያመጡት ካምበሩ ይበላሻል፣ ካምበሩን ሲያመጡት ካስተሩ ይጎድላል። ባለማሽኑ "አልመጣም" ይላችኋል፤ እውነቱን ነው። ያኔ የሚያስፈልገው በካስተር የተስተካከለ የላይኛው አርም ነው። አርሙን ከጎማው ጋር የሚያያይዘውን መጋጠሚያ፣ የቦል ጆይንቱን ቦታ ወደ ኋላ ስለሚያመጣ ካስተሩ በአርሙ ይመለሳል፣ ካሙ ለካምበር ነፃ ይሆናል። የመደበኛው ቦል ጆይንት አንግልም በከፍታው ምክንያት ተጨንቆ ነበር፤ እሱም ይተነፍሳል።

አርም ስትመርጡ መጋጠሚያውን እዩ። አንዱ ዓይነት የተጋለጠ ኳስ መሰል መጋጠሚያ አለው። ለውድድር ጥሩ ነው፤ እንቅስቃሴው ሰፊ ነው። በእኛ አቧራ ግን ቶሎ መንኳኳት ይጀምራል። ሌላው የታሸገ፣ ላስቲክ የለበሰ፣ ግሪስ የሚሞላ ቦል ጆይንት ነው። ለዚህ አገር ሁለተኛው ነው።

ርካሹ መንገድ አሞርዛተሩ አናት ላይ ስፔሰር መጨመር ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው በዚህ ነው። ሞላውን አይቀይርም፤ መኪናውን ብቻ ያነሳል። 25 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከሆነ አልቃወምም። ወፍራሙ ስፔሰር ግን ጎማው ሲንጠለጠል የላይኛውን አርምና ቦል ጆይንት ከልካቸው በላይ ይወጥራል። በስፔሰር ገንዘብ ቆጥቤያለሁ ያለ ሰው በኋላ አርም ይገዛል። ለሞላና አሞርዛተር መጠራቀም ይሻላል።

ዲፍ ድሮፕ የሚባለው ዕቃ ደግሞ ከአላይመንት ጋር አይገናኝም። ከዲፈረንሺያሉ ወደ ጎማ የሚሄዱትን ዘንጎች አንግል ይቀንሳል እንጂ ካስተር አይመልስም። ይህ ተገዝቶ "መሪዬ አልተስተካከለም" ሲባል ሰምቻለሁ።

ቶርሽን ባር (በሞላ ፋንታ የሚጠማዘዝ ዘንግ) ያላቸው አሮጌ ሃይሉክሶችና ፓጄሮዎች ብሎን በማዞር ብቻ ከፍ ይላሉ። ምንም አያስወጣም፤ ስለዚህ ያጓጓል። ግን ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ይበላል፣ መኪናውም ይደርቃል። ትንሽ ብቻ አዙሩ፣ ከዚያ አላይመንት አስገቡ። ቪታራና ሌሎች አሞርዛተራቸው ጎማውን በቀጥታ የሚይዝ መኪናዎች ላይ የካምበር ብሎን የሚባል አለ። ትንሽ ከፍታ ያስተካክላል፤ ለብዙ ከፍታ አይሆንም።

ማስታገሻን ከመድኃኒት እንለይ

መሪው ሲርገፈገፍ ብዙ ጋራዥ መጀመሪያ የሚሸጥላችሁ የመሪ ዳምፐር፣ የመሪውን ንቅናቄ የሚያለዝብ አሞርዛተር ነው። ድፍን አክስል መኪና 70 አካባቢ ጉድጓድ ሲመታ መሪው በኃይል መንቀጥቀጥ ሊጀምር ይችላል። ያስፈራል፤ መኪናውን ወደ መቆም ካላቀረባችሁት አይተዋችሁም። ዳምፐሩ ያንን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። ምክንያቱ የላላ የፓናርድ ብሎን፣ ያለቀ ጎሚኒ፣ የተበላ ታይሮድ፣ የላላ የመሪ ጉልበት ኩሽኔታ ወይም ባላንስ ያልተደረገ ጎማ ሊሆን ይችላል። የጎደለ ካስተር ደግሞ ሁሉንም ያባብሳል። ከአላይመንት በፊት ጎማውን በክሪክ አንስታችሁ ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከዚያ አንድ ሰው መሪውን ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዝ ከታች ሆናችሁ ፓናርዱን እዩ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ አላይመንቱን አትክፈሉ፤ መጀመሪያ እሱን።

የትኛው አላይመንት ቤት?

የካሜራ ማሽን ያለው ቤት ሂዱ። ቶን በሲባጎና በሜትር ማምጣት ይቻላል፤ መንገድ ላይ ታይሮድ ቢታጠፍ ጎሚስታውም በዚህ ዘዴ ያደርሳችኋል። ካስተር ግን ጎማውን ግራና ቀኝ አዙሮ ነው የሚለካው። በሲባጎ አይገኝም።

ማሽኑ ስላለ ብቻ ግን አይበቃም። ሲገቡም ሲወጡም ያለውን ቁጥር በወረቀት አትሙልኝ በሉ። የማይሰጥ ቤት ከሆነ ሌላ ሂዱ። ወረቀቱ ላይ በመጀመሪያ ካስተርን እዩ፤ የግራና የቀኙ ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ ባያልፍ ጥሩ ነው። ድፍን አክስል መኪና ይዛችሁ ባለማሽኑ "ካስተር አይስተካከልም" ቢላችሁ ልክ ነው፤ ዕቃ ሳይቀየር አይስተካከልም። ቁጥሩን ብቻ ለክቶ ይስጣችሁ። ምን ያህል ዲግሪ የሚመልስ ዕቃ መግዛት እንዳለባችሁ የምታውቁት በዚያ ነው። የእኔ ወረቀት ላይ ከ1 ዲግሪ ያነሰ ነበር የተጻፈው። ሁለት ወር የተሰቃየሁበት ነገር አንዲት ቁጥር ሆና ስትቀመጥ አየኋት።

ስትሄዱ መኪናው ሁልጊዜ የምትጭኑትን ይጫን። ኋላው ላይ የመሣሪያ ሳጥንና ትርፍ ጎማ የሚኖር ከሆነ አብሮ ይለካ። የጎማው ነፋስ ልክ ይሁን።

የኋላ ፍሬኑንም አስታዩ። በብዙ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። መኪናው ሲነሳ "ባዶ ነኝ" ብሎ ስለሚያስብ ለኋላው ፍሬን ይቀንሳል። የመያዣውን ቦታ ማስተካከል ቀላል ሥራ ነው። የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉ፤ ማታ ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል።

አዲስ ሞላ መጀመሪያ ይረጋል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ቁመቱን ደግማችሁ ለኩ፤ ከወረደ አላይመንቱን ድገሙ። እኔ ጎሚኒውን ካስገባሁ በኋላ ከዚያው ክፍያ ጣቢያ ወጥቼ ያንኑ መንገድ ያዝኩ። ንፋሱ ያው ነበር። ከመስመር ወደ መስመር ከቀየርኩ በኋላ እጄን ሳላላ መሪው ተከትሎ ወደ መሃል መጣ።